የኮሌራ ተሕዋስ በአንጀታችን ሕዋሳት ላይ ምን ያደርጋል?



ክረምት በመጣ ቁጥር በየዐውደ ምሕረቱ ስለ ውሃና ስለ ንጽሕና ማሳሰቢያ ይነገራል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ያልተነገረ ትእዛዝ ቶሎ ይረሳል። ይህን ያስገነዘበን በመካኒሳ አካባቢ ከሚገኙ አጥቢያዎች ለመጡ ተወካዮች በሰጠነው ሥልጠና ላይ አንዲት የሰንበቴ ማኅበር እናት ያነሡት ጥያቄ ነው። ልጃቸው አጣዳፊ ተቅማጥ በያዘው ጊዜ «ውሃ በጠጣ ቁጥር ይብስበታል» ብለው ውሃ ከልክለውት ነበር። ልጁ ዐይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ በእግዚአብሔር ቸርነትና በባለሙያዎቹ ትጋትም ተረፈ። እናቲቱ ግን «የሚጠጣው ሁሉ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ማጠጣቱ ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ብዙ ወላጆች በልባቸው የያዙት ነው። መልሱም የሚገኘው ተሕዋሱ በአንጀት ሕዋሳት ላይ የሚያደርገውን በማወቅ ስለሆነ፣ በዚህ ትምህርት ይህንኑ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

በሽታው ከእኛ የራቀ አይደለም

አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ወረርሽኝ ተጨንቃ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ኮሌራ በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በሚገኘው በበርሚል ጊዮርጊስ የጸበል ሥፍራ ተከሠተ። ከልዩ ልዩ አካባቢ ለፈውስ የመጡ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲመለሱ በሽታው ወደ ሌሎች ወረዳዎች ደረሰ። ምእመናን የሚሰበሰቡበት ሥፍራ ሁሉ ኀላፊነት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

በመካኒሳም ቢሆን ሥጋቱ ቅርብ ነው። ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ በሰፈራችን አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በወንዙ ዳርቻ የሚለሙት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣም ከዚሁ ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዚያም ወደ ገበያና ወደ ማዕዳችን ይደርሳሉ።

ከአፍ እስከ አንጀት ግድግዳ

የኮሌራ ተሕዋስ በዐይን የማይታይ፣ ጎበጥ ያለ ቅርጽ ያለው ባክቴሪያ ነው። በተበከለ ውሃ ወይም ምግብ ወደ ሰውነት ይገባል። መጀመሪያ የሚያገኘው መከላከያ የጨጓራ አሲድ ነው፤ አብዛኛው በዚያ ይሞታል። ከአሲዱ ያመለጠው ወደ ትንሹ አንጀት ይወርድና ጅራፍ በመሰለች አንዲት ጭራው እየዋኘ የአንጀትን ግድግዳ የሚሸፍነውን ዝልግልግ ፈሳሽ ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያም ቀጫጭን ክር በመሰሉ አካላቱ ታግዞ በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይራባል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የኮሌራ ተሕዋስ ወደ ሕዋሱ ውስጥ አይገባም፤ ሕዋሱንም አይበላውም። በውጭ ቆሞ መርዙን ብቻ ይልካል። ሕመሙን የሚያመጣው መርዙ መሆኑን ሕንዳዊው ተመራማሪ ሳምቡ ናት ዴ እ.ኤ.አ. በ1959 በካልካታ ከተማ ባደረገው ምርምር አሳይቷል።

መርዙ የሚከፍተው በር

የኮሌራ መርዝ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አምስት ቁራጮች በቀለበት መልክ የተያያዙበት ሲሆን፣ ሥራው በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለ አንድ የስብ ዓይነት ይዞ መጣበቅ ነው። ሁለተኛው ክፍል ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። በዚያም እንደ ማብሪያና ማጥፊያ የሚያገለግል አንድ ፕሮቲን ያገኛል። ይህ ፕሮቲን በጤናማ ሕዋስ ሥራው ሲፈለግ ይበራል፤ ሲያበቃም ይጠፋል። መርዙ ግን እንደ በራ እንዲቀር ያደርገዋል።

ፕሮቲኑ ሳይጠፋ በቀረ ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ መልእክት አስተላላፊ የሆነ ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ይበዛል፤ ክሎራይድ የተባለው የጨው ክፍል የሚወጣበትም በር ተከፍቶ ይቀራል። ክሎራይዱ ወደ አንጀቱ ክፍተት ሲፈስ ሶዲየም ይከተለዋል፤ ጨው በሄደበት ደግሞ ውሃ ይሄዳል። በጽኑ የታመመ ዐዋቂ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ተቅማጡ የሩዝ እጥበት ውሃ የሚመስለውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ለእናቲቱ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ የሚወጣው ውሃ ሕመምተኛው አሁን የጠጣው ብቻ አይደለም፣ ከደሙና ከሰውነቱ የሚቀዳ ነው። ውሃ ብንከለክለው ፈሳሹ መውጣቱን አያቆምም፤ የሚተካው ብቻ ያጣል። ሕክምና ያላገኘ ጽኑ ሕመምተኛ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

መርዙ ያልነካው በር

ሁለተኛው መልስ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በዚያው የአንጀት ግድግዳ ላይ ሌላ በር አለ። ይህ በር ሶዲየምንና ግሉኮስን፣ ማለትም ጨውንና ስኳርን፣ አንድ ላይ ይዞ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ውሃም አብሮ ይገባል። የኮሌራ መርዝ ይህን በር አያበላሸውም። ውሃ ብቻውን ሲጠጣ በሚገባ የማይዘልቅለት ሕመምተኛ፣ ጨውና ስኳር በትክክለኛ መጠን ተደባልቀው ሲሰጡት ውሃው ወደ ደሙ ይደርስለታል። በተለምዶ ኦ.አር.ኤስ. የምንለው ሕይወት አድን ንጥር የተሠራው በዚህ ዕውቀት ነው።

ይህ በተግባር የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ነው። በሕንድ ድንበር ባንጋዎን በተባለ ቦታ በተሰበሰቡ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲነሣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ፣ ቤተሰቦች ራሳቸው ሕመምተኞቻቸውን እንዲያጠጡ አደረገ። ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ቁጥር ከ4 በታች ወረደ። ያጠጡት እናቶች፣ አባቶችና እኅቶች እንጂ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ብቻ አልነበሩም።

መርዝ የገባበት ሕዋስ ተመልሶ ባይስተካከልም የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ሕመምተኛው እነዚያን ቀናት እንዲሻገር የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው።

ሌሎች ተሕዋስያን በሌላ መንገድ

ሁሉም የአንጀት ተሕዋስያን እንደ ኮሌራ በውጭ አይቆሙም። ሺጌላ የተባለው ወደ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ጎረቤቱ እየተሻገረም ግድግዳውን ያቆስላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ሺጌላ ለማሳመም ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ተሕዋስያን ሊበቁት ስለሚችሉ ያልታጠበ እጅ ብቻውን በቂ መተላለፊያ ይሆነዋል። የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) አምጪው ደግሞ ተሕዋስያንን ውጠው በሚያጠፉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ጉበትና ወደ ሐሞት ከረጢት ይደርሳል። አንዳንድ ሰው ከዳነ በኋላም ሳያውቀው ለብዙ ጊዜ ተሸክሞት ይኖራል። ስለዚህ ደም ያለበት ተቅማጥ ወይም የማይለቅ ትኩሳት የታየበት ሰው በቤት በሚሰጥ ፈሳሽ ብቻ ሳይወሰን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በአጥቢያችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ኦ.አር.ኤስ. በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይኑር። አንዱ ፓኬት በላዩ በተጻፈው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ፓኬቱ በሌለበት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደባለቃል። «ይጣፍጥ» ብሎ ስኳር መጨመር ተቅማጡን ያብሳልና አይገባም። ሕመምተኛው ቢያስመልስ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ በዝግታ፣ በማንኪያም ቢሆን፣ ማጠጣት ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ የሚደረግ እንጂ ሕክምናን የሚተካ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ካህናት አባቶች ለሕሙማን ስለ ጾም ግልጽ ምክር እንዲሰጡ በትሕትና እንጠይቃለን። «ሰዓቱ ሳይደርስ አልጠጣም» የሚል ሕመምተኛ ያጋጥማል። የታመመ ሰው በጾም ግዴታ እንደማይያዝ ከንስሐ አባቱ አንደበት ሲሰማ ልቡ ያርፋል።

ሦስተኛ፣ ጸበል ባለበት ሥፍራ ምንጩ ይታጠር፤ የመጠጫው ቦታ ከመጠመቂያው ይለይ፤ መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በታችና ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሠራ። የጸበሉን ሥፍራ በንጽሕና መጠበቅ ለቅድስናው የሚሰጥ ክብር እንጂ የእምነት ጉድለት አይደለም።

አራተኛ፣ በሰንበቴ፣ በዝክርና በማኅበር ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ሁሉም በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። የመጠጥ ውሃ ይፈላ ወይም ውሃ አጋርን በመሰለ ማከሚያ ይታከም። በወንዝ ውሃ የለማ አትክልት በሚገባ በስሎ ቢበላ ይመረጣል።

አምስተኛ፣ በኮሌራ ያረፈ ሰው ሲኖር ገናዦች አስከሬኑን ከመንካታቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ያለ ጓንት አይገንዙ። ከሟቹ ሰውነት የሚወጣው ፈሳሽ ተሕዋሱን ይይዛልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ተቅማጥ የያዘውን ሰው ውሃ የሚከለክል ቤተሰብ ብናገኝ፣ በዚህ ትምህርት ካየናቸው ሁለት በሮች ተነሥተን እንዴት እናስረዳዋለን?
2. በአጥቢያችን ብዙ ሰው የሚሰበሰበው በየትኞቹ በዓላትና ሥፍራዎች ነው? በእነዚያ ቀናት የእጅ መታጠቢያና መጸዳጃ ይበቃልን?
3. ዛሬ ሌሊት በአጥቢያችን አንድ ሰው ቢታመም ኦ.አር.ኤስ. ከማን ዘንድ ይገኛል? ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውስ ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ የሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ እርሱ እንዲሆን አደራ እንላለን።