«አዞ» የተባለው የስዊስ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ

ስዊዘርላንድ በኤውሮፓ መካከል የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። የባሕር በር የላትም፤ ለባቡሮቿ የሚበቃ የድንጋይ ከሰልም ከመሬቷ አይወጣም። የተትረፈረፈ ሀብቷ ተራራና ከተራራው የሚወርደው ውሃ ነው። ተራራ ደግሞ ለባቡር ጠላት ነው። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ በሜዳ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ዳገት ሲያጋጥመው ግን ይከብደዋል፥ ይንሸራተታልም። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምፈልገው፥ የስዊስ መሐንዲሶች ባቡሩን ያስቸግር የነበረውን ያንኑ ከፍታ መልሰው ባቡሩን እንዲጎትት እንዴት እንዳደረጉት ነው። ለዚህም ምሳሌ ይሆነኝ ዘንድ የመረጥሁት ከ1919 እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ 67 ዓመት ያህል ያገለገለውን፥ በጀርመንኛ «ክሮኮዲል»፥ ማለት «አዞ» የተባለውን ሎኮሞቲቭ ነው። ስለ ስዊዘርላንድ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐዲዱና ተራራው

ከሰሜን ኤውሮፓ ወደ ኢጣልያ ከሚያሻግሩት መንገዶች አንዱ በጎትሃርድ ተራራ ያልፋል። በዚህ ተራራ ላይ የባቡር ሐዲድ የተሠራው ከ1872 እስከ 1882 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። በጌሸነንና በአይሮሎ መካከል 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ በዓለቱ ውስጥ ተፈለፈለ። በዚህ ሥራ ላይ ወደ 200 የሚጠጉ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ሥራውን በኮንትራት የያዘው ሉዊ ፋቭርም ዋሻው ሳይፈጸም በ1879 ዓ.ም. እዚያው ዋሻው ውስጥ ሳለ ዐረፈ።

ዋሻው ያለው ግን ከፍ ካለ ስፍራ ስለሆነ፥ ባቡሩ ወደ ዋሻው አፍ ለመድረስ አስቀድሞ መውጣት አለበት። ኤርስትፌልድ የተባለው ጣቢያ ከባሕር ወለል 472 ሜትር፥ ጌሸነን ደግሞ 1,106 ሜትር ከፍ ይላሉ። እንግዲህ ባቡሩ በ29 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ 634 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። እጅግ በበረታው ዳገት ላይ ሐዲዱ በየ1,000 ሜትሩ 26 ሜትር ከፍ ይላል። ለእግረኛ ይህ ዳገት አይባልም፤ ለባቡር ግን ከባድ አቀበት ነው። ሸለቆው ጠባብ በመሆኑም ሐዲዱ በዓለቱ ውስጥ እየተጠመዘዘ ከፍታ ይገዛል። ከዚህ የተነሣ ቫሰን በተባለው መንደር የሚያልፍ መንገደኛ አንዲቱን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ያያታል፤ መጀመሪያ ከበላዩ፥ ቀጥሎ በትክክሉ፥ በመጨረሻም ከበታቹ።

የከሰሉ ችግር

እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ በዚህ መንገድ ባቡር የሚጎተተው በእንፋሎት ነበር። ከ1913 እስከ 1917 ዓ.ም. የተሠሩት ትልልቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከግዝፈታቸው የተነሣ «ዝሆን» ተብለዋል። ነገር ግን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጉልበቱ በተሸከመው የውሃ ማፍያ በርሜልና እሳቱን በሚያቀጣጥለው ሰው ክንድ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከባድ ባቡር ሲመጣ ከኋላ የሚገፋ ሌላ ሎኮሞቲቭ መጨመር ነበረበት። በረዥሙ ዋሻ ውስጥ የሚጠራቀመውም ጭስ ለነጂውና ለእሳት አንዳጁ ትልቅ ሥቃይ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ከሰሉ ከውጭ አገር በገንዘብ የሚገዛ መሆኑ ነው። በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከሰል ተወደደ፥ ቆይቶም ጠፋ። የባቡሮቹ ጉዞ ተቀነሰ። ስዊዘርላንድ በጦርነቱ ባትገባም፥ የሚነድደው በሌላው እጅ ስለነበረ ባቡሮቿን እንደ ልቧ ማስኬድ አልቻለችም።

መልካም ዕድል ሆኖ ሙከራው አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በዙሪክ አጠገብ ያለው የኦርሊኮን ፋብሪካ ከዜባህ እስከ ቬቲንገን ባለው ሐዲድ ላይ 15,000 ቮልት የሆነ ኤሌክትሪክ እየተጠቀመ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ባቡር አስኬዷል። ይህን ሥራ የመራው መሐንዲስ ኤሚል ሁበር-ሽቶካር በኋላ የስዊስ ፌዴራል ምድር ባቡር ሐዲዶቹን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥበትን ክፍል እንዲመራ ተሾመ። በ1916 ዓ.ም. የጎትሃርድ መንገድ በዚሁ ዓይነት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ተወሰነ። ኃይሉም እንዲገኝ ከተራራው በስተደቡብ በሪቶም ሐይቅ፥ በስተሰሜን ደግሞ በሮይስ ወንዝ አጠገብ በአምሽቴግ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተሠሩ። በ1920 ዓ.ም. ከኤርስትፌልድ እስከ ቢያስካ፥ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ከሉሰርን እስከ ኪያሶ ድረስ የኤሌክትሪክ ባቡር መሄድ ጀመረ። ዝሆኑም ስፍራውን ለአዞው ለቀቀ።

የአዞው አካል

የሎኮሞቲቩ የሥራ ስም «ሴ ኤ 6/8» ነው። የስዊስ ሰዎች ሎኮሞቲቭን ሲሰይሙ የመጀመሪያው ፊደል ፍጥነቱን፥ ሁለተኛው የኃይሉን ዓይነት ያመለክታል። «ሴ» ከ60 እስከ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚሄድ፥ «ኤ» ለኤሌክትሪክ ነው። 6/8 ማለትም ካሉት 8 የመንኰራኵር ዘንጎች 6ቱ በሞተር ይሽከረከራሉ ማለት ነው። ከ1919 እስከ 1922 ዓ.ም. 33፥ በ1926 እና በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ጥቂት መሻሻል የተደረገላቸው 18፥ በድምሩ 51 አዞዎች ተሠሩ። የብረቱን አካል የሠራው የቪንተርቱር የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ፥ ኤሌክትሪኩን የሠራው የኦርሊኮን ፋብሪካ ነው።

መልኩ እንደ አዞ የሆነው ለጌጥ አይደለም። በዚያን ዘመን የኤሌክትሪክ ሞተር እጅግ ትልቅ ስለነበረ በመንኰራኵሮቹ መካከል ሊገባ አልቻለም። ስለዚህ አራቱ ሞተሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ከፊትና ከኋላ ባሉት ረዣዥም አፍንጫዎች ውስጥ ተቀመጡ። በያንዳንዱ አፍንጫ ሁለቱ ሞተሮች በጥርሳም መዘውር አንድ ዘንግ ያዞራሉ፤ ከዚያ ዘንግ ላይ የብረት ክንዶች ተነሥተው ሦስቱን ባለኃይል የመንኰራኵር ዘንጎች አንድነት ያሽከረክራሉ። መካከለኛው ክፍል ትራንስፎርመሩንና የነጂዎቹን ሁለት ክፍሎች ይዟል።

ርዝመቱ ከ19 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ረዥም ነገር አንድ ወጥ ቢሆን በተራራው ጠመዝማዛ ሐዲድ ላይ መታጠፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ አካሉ በሦስት ተከፈለ፤ ሁለቱ አፍንጫዎች ከመንኰራኵሮቻቸው ጋራ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዞራሉ፥ መካከለኛው ክፍልም በሁለቱ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። አዞው በጠማማው ሐዲድ ላይ እየተቀለሰ ሲሄድ፥ በኋላም አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ፥ ሕዝቡ ያወጣለት ስም የተገባ ሆነ።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ነገር ልጨምር። ከሽቦው የሚመጣው 15,000 ቮልት በትራንስፎርመር ዝቅ ይላል፤ ነጂው ቮልቱን በደረጃ እየጨመረና እየቀነሰ ሞተሮቹን ያፈጥናል፥ ያዘገያልም። ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለሰው 16 ከ2/3 ጊዜ ሲሆን፥ ይህ ቤታችንን የሚያበራው የ50 ጊዜው ሲሦ ነው። ምክንያቱም የዚያን ዘመን ሞተር ምልልሱ ሲፈጥንበት የእሳት ፍንጣሪ እያወጣ ይቃጠል ነበር።

በፊዚክስ ሒሳብ ስንመረምረው

ከአዞው የተፈለገበት ሥራ 430 ቶን የሚመዝን የዕቃ ባቡር በ26 ሜትሩ ዳገት ላይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየሄደ እንዲጎትት ነው። ይህ ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ እኛ ተማሪዎችም ልናሰላው እንችላለን።

የአዞው ክብደት 128 ቶን ነው። ከባቡሩ ጋራ ሲደመር 558 ቶን ይሆናል። በ1,000 ሜትር 26 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ የሚስበው 558 ሲባዛ በ26፥ ሲካፈል ለ1,000 ነው፤ ይኸውም 14.5 ቶን ወይም 14,500 ኪሎ ግራም ነው። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 9.72 ሜትር ነው። ሁለቱን ብናባዛቸው በሴኮንድ 141,000 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል እናገኛለን። አንድ የፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ስለሆነ፥ ውጤቱ ወደ 1,880 የፈረስ ጉልበት ይመጣል። የአዞው ሞተሮች ኃይል 1,650 ኪሎ ዋት ወይም 2,240 የፈረስ ጉልበት ነው። የቀረው 360 ያህል የመንኰራኵሮቹን ሰበቃና የጠመዝማዛውን ሐዲድ ግጭት ለማሸነፍ ነው። መሐንዲሶቹ ሎኮሞቲቩን በግምት እንዳልሠሩት ከዚህ ይታወቃል።

ጉልበት ብቻውንም አይበቃም፤ መንኰራኵሩ ሐዲዱን ጨብጦ መያዝ አለበት። ሰበቃው ሲጨመር አዞው 17 ቶን ያህል መሳብ ይኖርበታል። በስድስቱ ባለኃይል ዘንጎች ላይ የሚያርፈው ክብደት 104 ቶን ያህል ስለሆነ፥ የሚፈለገው መጨበጥ የክብደቱ አንድ ስድስተኛ ነው፤ ይህን ሐዲዱ ይችላል። ባለኃይሎቹ ዘንጎች ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ግን የክብደታቸውን ግማሽ ይጠየቁ ነበርና በከንቱ በተሽከረከሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፥ ስድስቱን በብረት ክንድ ያስተባበራቸው ይህ ምክንያት ነው።

ውሃውና ባቡሩ በሚዛን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። የሪቶም ሐይቅ ውሃ በቧንቧ ወደ ማመንጫው ሲወርድ ወደ 800 ሜትር ይወድቃል። ባቡሩ ከኤርስትፌልድ እስከ ጌሸነን 634 ሜትር ይወጣል። በመንገድ የሚባክን ኃይል ባይኖር፥ 558 ቶን በ634 ሜትር ከፍ ለማድረግ 442 ቶን ውሃ ከ800 ሜትር መውረድ ይበቃዋል። በእውነተኛው ሥራ በማመንጫው፥ በሽቦውና በሞተሩ የሚባክን ስላለ ውሃው ከዚህ ይበዛል፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ውሃው ይወርዳል፥ ባቡሩ ይወጣል፤ ሽቦው እንደ ሚዛን ዘንግ ሁለቱን ያገናኛል። የአዞው ማፍያ በርሜል ሐይቁ ነው ለማለት ይቻላል። እሳት አንዳጁ ደግሞ በየዓመቱ በረዶውን አቅልጦ ሐይቁን የሚሞላው ፀሐይ ነው።

ቁልቁለቱም ለብቻው ብልኃት ነበረው። ከባድ ባቡር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፥ የፍሬኑ ብረትና መንኰራኵሩ ይግላሉ፥ ያልቃሉም። በአዞው ግን ነጂው የኤሌክትሪኩን ግንኙነት ሲለውጠው ሞተሮቹ ወደ ማመንጫነት ይለወጣሉ፤ የባቡሩ ክብደት እየገፋ ያሽከረክራቸዋል፥ የሚያመነጩትም ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይመለሳል። ይህን አሠራር ያወጣው የኦርሊኮን ፋብሪካው ሐንስ ቤን-ኤሸንቡርግ ነው። የሚመለሰው ከወጪው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ቢሆንም በአንድ ገመድ ላይ እንደ ታሰሩ ሁለት ባልዲዎች፥ የሚወርደው ባቡር የሚወጣውን ይረዳዋል።

የአገልግሎቱ ዘመን

አዞዎቹ ከ30 ዓመት በላይ በጎትሃርድ ላይ የዕቃ ባቡር ጎተቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከሰል እንደገና ሲጠፋ የስዊስ ባቡሮች እንደ ፊተኛው ጊዜ አልተቸገሩም። ከ1942 እስከ 1947 ዓ.ም. 13ቱ አዞዎች የበለጠ ብርቱ ሞተር ተደርጎላቸው ጉልበታቸው ከ3,600 የፈረስ ጉልበት በላይ፥ ፍጥነታቸውም 75 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ «አ ኤ 6/6» የተባሉት አዲስ ሎኮሞቲቮች እየተሠሩ የተራራውን ሥራ ሲወስዱ፥ አዞዎቹ ወደ ሜዳው ወረዱ፤ አንዳንዶቹም በጣቢያ ውስጥ ፉርጎ በማቀያየር አረጁ። የመጨረሻዎቹ በ1986 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ዛሬ በሉሰርን የመጓጓዣ ሙዚየምና በኤርስትፌልድ የሚታዩ አሉ፤ ለሕፃናት መጫወቻም በትንሹ እየተሠሩ ይሸጣሉ።

በ2016 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ ዋሻ ተከፈተ። የዛሬው የዕቃ ባቡር አብዛኛው ዳገቱን መውጣት ትቶ ከሥሩ ያልፋል። አሮጌው ሐዲድ ግን በቫሰን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እየተጠመዘዘ አሁንም ባቡር ያሳልፋል።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የስዊስ መሐንዲስነት ለአገራችን ባዕድ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ለሚመጣው የምድር ባቡር የፈቀዱት ውል የተሰጠው በዙሪክ ለተማረው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ያ ባቡር በእንፋሎት ጀምሮ በዚሁ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ ደግሞ በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የዛሬ ሎኮሞቲቮች ኤሌክትሪኩን በውስጣቸው ስለሚለውጡት እንደ ስዊሶቹ ልዩ ምልልስ ሳይፈልጉ በተራው የ50 ጊዜ ኤሌክትሪክ ይሄዳሉ። የአገራችን ኤሌክትሪክም አብዛኛው ከወንዞቻችን የሚገኝ ስለሆነ፥ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ባቡር ከደጋው በሚወርደው ውሃ ይሳባል ማለት ነው።

ከአዞው ታሪክ እኔ የተማርሁት ይህን ነው። ስዊሶቹ ከሰል ስለሌላቸው አዝነው አልተቀመጡም፤ ዳገታቸውን በሜትር፥ ውሃቸውን በቶን ለክተው ለራሳቸው መሬት የሚስማማ መኪና ሠሩ። የጓደኞቼም ፈንታ በሒሳብና በፊዚክስ ደብተራችን ላይ የምንሠራቸውን ጥያቄዎች ወደ ገዛ ወንዞቻችንና ዳገቶቻችን ማዞር ነው። ወንዙ ምን ያህል ውሃ ያወርዳል? ከምን ያህል ከፍታ? ዳገቱስ በሺህ ሜትር ስንት ይወጣል? ከላይ ያሳየሁት ሒሳብ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ ሥራው የሚጀመረው ግን ከእርሱ ነው።