ለከባድ ማባበያ የሚሆን ዘንግ፦ ከጫሞ ሐይቅ የተማርኩት ፊዚክስ

በፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚያወራ ጽሑፍ ስታዩ «ይኼ ልጅ ቦታ ስቷል» ትሉ ይሆናል። አልሳትኩም። በአንድ ጫፉ ብቻ ስለተያዘ አግዳሚ፣ ማለትም ስለ ካንቲሊቨር፣ የወጣውን የፈተና ጥያቄ በትክክል ሠርቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ከፈተናው በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ያንኑ ካንቲሊቨር በእጄ ይዤ ሰበርኩት። በዚህም የተነሳ አጎቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ቀመሩ ደብተሬ ውስጥ ነበር፤ ጀልባው ላይ ግን ትዝ አላለኝም።

አጎቴ አርባ ምንጭ ውስጥ በሞተር ጀልባ ነው የሚተዳደረው። እንግዶችን ጫሞ ሐይቅ ላይ እየወሰደ አዞና ጉማሬ ያሳያል። አልፎ አልፎም ናይል ፐርች የተባለውን ዓሣ በዘንግ ለማጥመድ የሚመጡ ሰዎችን ይዞ ይወጣል። ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ሊረዝምና እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊመዝን የሚችል፣ ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚበላ ነው። ስለዚህ በዘንግ የሚያጠምዱት ሰዎች ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ በዓሣ ቅርጽ የተሠራ፣ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ትልቅ ማባበያ ውኃ ውስጥ ይጎትቱለታል።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስሄድ አንድ እንግዳ ለአጎቴ ትቶለት የሄደ 2.7 ሜትር የካርቦን ዘንግ አገኘሁ። ሌላ እንግዳ ደግሞ 120 ግራም የሚመዝን ማባበያ ሰጥቶት ነበር። «ረጅም ዘንግ ጠንካራ ነው፤ ሩቅም ይወረውራል» ብዬ ሁለቱን አገናኘኋቸው። ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሜ ዘንጉን ወደ ኋላ ስቤ በሙሉ ኃይሌ ወደ ፊት ስወረውር፣ ከጫፉ አንድ ሦስተኛ ላይ ቀጭ አለ። ማባበያው አቅጣጫውን ስቶ ወደ ኋላ ተወረወረና ሞተሩን ይዞ የተቀመጠው አጎቴ ግራ እጅ ላይ ሁለት መንጠቆ ተከለ። ጤና ጣቢያ ወስጄው መንጠቆው በቢላ ወጣለት። ሲመለስ ያለኝ ይህችን ብቻ ነበር፤ «አንተ ልጅ፣ ኮሌጅ የላክንህ ዘንግ እንድትሰብር ነው እንዴ?»

ኮሌጅ ስመለስ የተሰበረውን ዘንግ ይዤ መጣሁ። የሚከተለው ከዚያ ወዲህ ያገናዘብኩት ነው።

1. በዘንጉ ላይ የተጻፈው

በብዙ ዘንጎች ላይ፣ ከእጀታው ከፍ ብሎ፣ ሦስት ነገር ተጽፎ ይገኛል፦ የዘንጉ ርዝመት፣ የሚችለው የማባበያ ክብደትና የሚስማማው ክር ጥንካሬ። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ በጫማ፣ ክብደቱ በአውንስ ወይም በግራም ይሰጣል። 1 ጫማ 30.48 ሳንቲ ሜትር፣ 1 አውንስ ደግሞ 28.35 ግራም ነው። በመሆኑም «ከ2 እስከ 5 አውንስ» የሚል ዘንግ በግምት ከ57 እስከ 142 ግራም ይወረውራል ማለት ነው። «መካከለኛ»፣ «ከባድ»፣ «እጅግ ከባድ» የሚሉት ቃላት ግን ከአምራች አምራች ይለያያሉ፤ የአንዱ «ከባድ» የሌላው «መካከለኛ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ትቶ ቁጥሩን ማየት ይሻላል።

የእኔ ዘንግ ላይ የተጻፈው «ከ15 እስከ 40 ግራም» ነበር። አላነበብኩትም። ባነበውም ኖሮ «80 ግራም ብትጨምርበት ምን ይሆናል፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ አይሞላ» ማለቴ አይቀርም ነበር።

2. 120 ግራም ሲወረወር ስንት ይሆናል?

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ማባበያው ከዘንጉ ጫፍ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል የሚጎትተው 1.2 ኒውተን ያህል ነው። ሲወረወር ግን ዘንጉ ማባበያውን ማፍጠን አለበት። ማባበያው በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ በሰከንድ 25 ሜትር ፍጥነት ላይ ይደርሳል ብለን እናስብ። አማካይ ፍጥንጥነቱ በሰከንድ ካሬ 125 ሜትር ይሆናል። ኃይል ክብደተ ቁስ ሲባዛ በፍጥንጥነት ነውና 0.12 × 125 = 15 ኒውተን እናገኛለን። ይህ 1.5 ኪሎ ግራም ዕቃ ዘንጉ ጫፍ ላይ ከማንጠልጠል ጋር እኩል ነው። በተመሳሳይ አወራወር 40 ግራም የሚጠይቀው 5 ኒውተን ብቻ ነው። ለ5 ኒውተን የተሠራውን ዘንግ 15 ኒውተን አሸከምኩት ማለት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው፣ እኔም ራሴ ሰብሬ «ዘንጉ የማይረባ ነው» ብዬ ጮኼ ነበር።

ሌላም ጉዳይ አለ። ምላስ መሰል ሰፊ ሳህን ከአፉ የወጣለት፣ ወደ ጥልቅ የሚጠልቅ ማባበያ በውኃ ውስጥ ሲጎተት የውኃው ግፊት ከራሱ ክብደት በላይ ይስበዋል። ዘንጉ ለስላሳ ከሆነ ማባበያውን በመጎተት ብቻ ጎብጦ ያልቃል። ዓሣው ሲነክስ መንጠቆውን ጠንካራ አፉ ውስጥ ለመትከል የቀረ አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን አጎታተቱንም ማሰብ ያስፈልጋል።

3. ርዝመትና ግትርነት አይነጣጠሉም

ብዙ ሰው ርዝመቱን ለብቻ፣ ግትርነቱን ለብቻ ይመርጣል። ቀመሩ ግን እንዲህ ይላል፦

ጉብጠት = (ኃይል × ርዝመት³) ÷ (3 × ኢ × አይ)

እዚህ ላይ «ኢ» የቁሱ ያንግስ ሞዱለስ ሲሆን «አይ» ደግሞ ከውፍረቱና ከቅርጹ የሚመጣው ነው። ርዝመቱ በሦስት ከፍ ማለቱን ልብ ይሏል። ውፍረቱና ቁሱ አንድ ዓይነት የሆኑ፣ አንዱ 2.1 ሌላው 2.7 ሜትር የሆኑ ሁለት ዘንጎች ብንወስድ፣ በአንድ ዓይነት ኃይል ረጅሙ ከ2 እጥፍ በላይ (2.13 ጊዜ) ይጎብጣል። «ረጅም ነውና ጠንካራ ነው» የሚለው ግምቴ በትክክል ተገላቢጦሽ ነበር።

«እንግዲያው ወፍራም እናድርገው» ሊባል ይችላል። ይቻላል፤ «አይ» ከውፍረቱ ጋር በአራት ከፍ እያለ ስለሚያድግ ውፍረቱን 21 በመቶ መጨመር ብቻ ይበቃል። ዋጋው ግን በክብደት ይከፈላል። ርዝመቱም ውፍረቱም ስለጨመረ ረጅሙ ዘንግ ከአጭሩ 87 በመቶ ያህል ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ሲወረውር የሚውል ሰው ይህን ትከሻው ይነግረዋል። በርግጥ እውነተኛ ዘንግ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድና ውስጡ ክፍት በመሆኑ ቁጥሩ በትክክል ይኸው አይሆንም፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም።

ቁሱም ወሳኝ ነው። የካርቦን ጭረት ያንግስ ሞዱለስ በተለመደው ዓይነት 230 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ሲሆን የመስታወት ጭረት 72 ገደማ ነው፤ ካርቦኑ በዚያ ላይ ቀላል ነው። ረጅምና ግትር ሆኖ የማይከብድ ዘንግ የሚሠራውም ለዚህ ከካርቦን ነው። የመስታወት ጭረት ደግሞ ይከብዳል እንጂ ብዙ ጎብጦም አይሰበርም፤ ከጀልባ ጠርዝ ጋር መጋጨትንም ይችላል።

4. ርዝመት የሚጠቅመውና የሚጎዳው

ርዝመት ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። እጅ በአንድ ዓይነት የዙር ፍጥነት ቢዞር የ2.7 ሜትሩ ጫፍ ከ2.1 ሜትሩ በ1.29 ጊዜ ይፈጥናል። የአየር ግጭት ባይኖር ኖሮ ርቀቱ 65 በመቶ ይጨምር ነበር። ከዳር ቆሞ ሩቅ መወርወር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ ግን ርዝመቱ ለዓሣው ይሠራል። የዘንጉን ጫጭ ሆዳችን ላይ ደግፈን አንድ እጃችንን 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አድርገን እንያዝ። ዓሣው ጫፉን በ50 ኒውተን ቢጎትት፣ ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ በ2.1 ሜትሩ የፊት እጃችን 175 ኒውተን፣ በ2.7 ሜትሩ ደግሞ 225 ኒውተን መያዝ ይኖርበታል። የ5 ኪሎ ጉተታ ከ22 ኪሎ በላይ ሆኖ ይሰማናል ማለት ነው። ዘንጉ ሲጎብጥ ይህ ክንድ ያጥራል፤ በመሆኑም መጠነኛ ጉብጠት ለሰውየው እረፍት፣ ለክሩም መከላከያ ነው። በተለይ የተጎነጎነ የማይሳብ ክር ለሚጠቀም ሰው፣ ዓሣው ጭንቅላቱን ሲያራግፍ የሚመጣውን ድንገተኛ ጉተታ የሚያለዝብለት ዘንጉ ነው። ከመጠን በላይ ግትር የሆነ ዘንግ መንጠቆውን ነቅሎ ያስመልጣል።

5. ምን ያህል ይጎብጣል? የት ላይ ይጎብጣል?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔም አምታታቸው ነበር። የመጀመሪያው ግትርነቱ ነው። ሁለተኛው የጉብጠቱ ቦታ ነው፦ ጫፉ አካባቢ ብቻ የሚጎብጥ ዘንግ አለ፤ እስከ ወገቡ ድረስ የሚጎብጥም አለ። ማባበያውን በእጅ እየነቀነቁ ለሚያጫውቱት ጫፉ ላይ የሚጎብጠው ይሻላል፤ የእጅን እንቅስቃሴ ቶሎ ያደርሳል። ጀልባው እየሄደ ማባበያውን ከኋላ ለሚጎትት ግን እስከ ወገብ የሚጎብጠው ይመረጣል፤ ዓሣው በድንገት ሲመታ ይቀበለዋል።

ሁለቱን ለይቶ ለመለካት ዊልያም ሃነማን የተባለ አሜሪካዊ ለዝንብ ማጥመጃ ዘንጎች ያስተዋወቀው ቀላል ዘዴ አለ። ዘንጉ አግድም ይታሰርና ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ ሳንቲሞች ይንጠለጠሉበታል። የአገሪቱ የአንድ ሳንቲም ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ 2.5 ግራም ስለሆነ ቁጥሩ ወደ ክብደት ይለወጣል። ክብደቱ ግትርነቱን፣ በዚያን ጊዜ ጫፉ የሚሠራው ማዕዘን ደግሞ የጉብጠቱን ቦታ ይናገራል። እኔ ለከባድ ዘንግ ሳንቲም ስለማይበቃኝ ስኳር በፌስታል አድርጌ ባለሱቁ ሚዛን ላይ መዝኜ ተጠቀምኩ። ከላይ ያለው ቀመር ለትንንሽ ጉብጠት ብቻ እንደሚሠራ፣ አንድ ሦስተኛ ላይ ሲደርስ እንደሚስት ያየሁትም በዚሁ ሙከራ ነው። የላብራቶሪ ሪፖርት የሚቸግራችሁ ወንድሞችና እህቶች ብትሞክሩት ታተርፋላችሁ።

6. ታዲያ የትኛውን?

የአመራረጡ ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን እላለሁ።

ሀ. መጀመሪያ ማባበያውን መዝኑ። ክብደቱ ዘንጉ ላይ ከተጻፈው ክልል መሐል ገደማ ቢውል ጥሩ ነው፤ ከላይኛው ወሰን በፍጹም አይለፍ። ከታችኛው ወሰን በታች ከሆነም ዘንጉ ስለማይጎብጥ ማባበያው ሩቅ አይሄድም።

ለ. ቀጥሎ የምትቆሙበትን ቦታ አስቡ። ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ስላለ ውኃ ዳር ቆሞ ማጥመድ አደጋ አለው፤ ሥራው ከጀልባ ነው። ጀልባ ላይ ከኋላችሁ ሰው ተቀምጧል፤ ዓሣውም ጀልባው ሥር ይገባል። ከ60 እስከ 140 ግራም ለሚመዝን ማባበያ ከ2.0 እስከ 2.2 ሜትር የሆነ ግትር ዘንግ ይበቃል። አዞ በሌለበት፣ ከዳር ለሚወረወርበት ቦታ ከ2.7 እስከ 3.0 ሜትር ይሻላል፤ ክብደቱን የሚችል እስከሆነ ድረስ።

ሐ. እጀታውን እዩ። ከባድ ማባበያ በሁለት እጅ ስለሚወረወር ከሪሉ በታች ረዘም ያለ እጀታ ያስፈልጋል።

ይህ ግን ለሁሉም ቦታ የሚሆን ሕግ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ማስኪ የተባለውን አዳኝ ዓሣ በከባድ ማባበያ የሚያጠምዱ ሰዎች ጀልባ ላይ ሆነውም 2.4 እና 2.7 ሜትር ዘንግ ይመርጣሉ። ማስኪ ማባበያውን እስከ ጀልባው ድረስ ተከትሎ ስለሚመጣ፣ የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ አስገብተው በስምንት ቁጥር ቅርጽ ሰፋ አድርገው ማዞር ይኖርባቸዋል፤ ለዚህም ርዝመት ይፈልጋሉ። ርዝመቱን የሚወስነው ሥራው ነው።

ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ ዘንግ የሚመረጠው ማባበያው ሲወረወር ለሚፈጥረው ኃይል ነው፤ ርዝመት በጨመርን ቁጥርም ግትርነቱን አብረን መጠየቅ አለብን። ቀመር መሸምደድና ቀመር ማወቅ ይለያያሉ። ልዩነቱን እኔ የተማርኩት በአጎቴ እጅ ነው።

እጁ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ባለፈው ስደውልለት «ጋሼ፣ አሁንም በዘንግ የሚያጠምዱ እንግዶች ይመጣሉ?» አልኩት። «ይመጣሉ» አለኝ። «አሁን ግን ሞተር ሳልነሳ በፊት ዘንጋቸውን ተቀብዬ የተጻፈውን አነባለሁ። ከዚያ ማባበያውን በእጄ እመዝናለሁ። ካልተስማሙ እኔ ጋ አይሳፈሩም።» እኔ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ፤ ትምህርቱን በሥራ ላይ ያዋለው ግን አጎቴ ነው።