የሬጂስተር ዋጋ ሲጠፋ፦ ስለ ጂዲቢ አጭር ጥናት

በጂዛን የሕክምና ተማሪ ሆኜ ሳለሁ ስለ ኮምፒዩተር መጻፌ ለምን እንደሆነ ለምትጠይቁ አንባቢዎች፣ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ።

ሬጂስተር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች እጅግ ፈጣን የቁጥር ማስቀመጫ ናት። በተለመደው ባለ 64 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰር ለጠቅላላ ሥራ የሚውሉት 16 ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ፈንክሽን ሌላውን ሲጠራ በእነዚሁ መሻማት ግድ ነው። በሊኑክስ ስምምነት፣ ተጠሪው እንደ አርቢኤክስ ያሉትን መለወጥ ቢፈልግ አስቀድሞ በስታክ ላይ ያኖራቸዋል፤ ሲጨርስም እንደነበሩ ይመልሳቸዋል። እንደ አርሲኤክስ ያሉትን ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይደመስሳቸዋል።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 እ.ኤ.አ. የጻፈው፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነው ስሕተት ፈላጊ ጂዲቢ፣ ፕሮግራም ሲሰናከል ወደ ጠሪው ፈንክሽን ወጥተን ሬጂስተሮቹን እንድናይ ያስችለናል። የአርቢኤክስን ዋጋ ከስታክ ያነባል። የሚደመሰሱትንስ? ስምምነቱን በማያውቅበት ፕሮሰሰር ላይ የአሁኑን ዋጋ የዚያን ጊዜ አድርጎ ያሳያል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ቁጥሩ ሐሰት የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ስምምነቱን ካወቀ ግን «አልተቀመጠም» ብሎ ይጽፋል። በእኔ አስተያየት ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፦ ለየፕሮሰሰሩ ምን እንደማይታወቅ ማስተማር።

ወደ ምክንያቴ ልመለስ። በሳምጣ አካባቢ ለልምምድ በወጣሁበት ጊዜ፣ ድንበር ተሻግሮ በመጣ አንድ ወገናችን ካርድ ላይ የጠዋቱ ሙቀት 37 ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ከማታው የተገለበጠ ነበር። እኔ ስለካው 39.5 ሆነ። የወባ ምርመራውም በዚያች ቁጥር ሰበብ እስከ ከሰዓት ዘግይቶ ነበር።