ምዕራፍ 9፦ «አካውንትዎ ታግዷል»

ቅዳሜ ማታ የእህቴ ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ ባን አደረጉኝ» አለና ዝም አለ። ድምፁ መርዶ የሰማ ሰው ድምፅ ነበር። ሦስት ዓመት የተጫወተበት አካውንት ነው፤ ከምሳ ገንዘቡ እየቆጠበ የገዛቸው ልብሶችና የመሣሪያ ስኪኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። ስልኩን ሲከፍት ያገኘው አንድ ማስታወቂያ ብቻ ነው፦ ሕግ በመተላለፍ አካውንቱ ተዘግቷል። የትኛው ሕግ፣ በየትኛው ቀን፣ አይልም።

«ጨዋታ ነው፣ ምን ያስለቅሳል?» የሚሉ አዋቂዎች አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ልጁ ግን ማታ ማታ የሚያወራቸውን ጓደኞቹን፣ ከእነሱም አንዱ ጅዳ የሚኖር ያክስቱ ልጅ ነው፣ የሚያገኛቸው በዚያ በር ብቻ ነበር።

ቤታቸው እስክደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ልጁ በዚያች ጊዜ ብዙ ሥራ ሠርቶ ጠበቀኝ። ለጨዋታው ድጋፍ ክፍል አራት ጊዜ ጽፏል፤ መጀመሪያ ልመና፣ ቀጥሎ ቁጣ፣ ከዚያ ስድብ፣ በመጨረሻ ለስድቡ ይቅርታ። በዚያው ስልክ አዲስ አካውንት ከፍቷል። ቴሌግራም ላይ «ባን እንፈታለን» ለሚል ሰው ደግሞ በቴሌብር 800 ብር ልኳል። ከእገዳው ይልቅ የጎዱት እነዚህ ሁለት ሰዓታት ናቸው ባይ ነኝ። አቤቱታ በአቤቱታ ላይ ሲደራረብ መልሱን ያዘገያል እንጂ አያፋጥንም። አንዳንዱ እገዳ ከአካውንቱ አልፎ ስልኩን ስለሚይዝ፣ ወዲያው የተከፈተ አዲስ አካውንት «ከቅጣት ለማምለጥ የተደረገ» ተብሎ ይቆጠራል። ባን ፈቺው ደግሞ ምንም አይፈታም። ቁልፉ ያለው ድርጅቱ እጅ ብቻ ነው። ሰውየው የይለፍ ቃልህን ከጠየቀህማ 800 ብሩ ትንሹ ኪሳራህ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ ስክሪኑን ፎቶ አንሣ፣ ቀንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ስልኩን አስቀምጥ።

አሁን ማን እንደፈረደብህ እንይ። ብዙ ጊዜ ፈራጁ ፀረ ቺት የሚባል፣ የሚያታልሉ ተጫዋቾችን የሚያድን ፕሮግራም ነው። በድሮ ዘመን ንብረት ሲጠፋ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ፀረ ቺት ፕሮግራም እንዲሁ ነው ብል በደል ይሆንብኛል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃ ይዞ ነው የሚከሰው፤ «ምንም አላደረግሁም» ከሚሉትም ብዙዎቹ አድርገዋል። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ሰውየውን አይጠይቁም። የሚያዩት ቤቱን ነው። ፕሮግራሙ አንተን አያውቅህም፤ የሚያውቀው አካውንትህ ከየትኛው ስልክ እንደተከፈተ፣ ምን ፋይል እንደተነካ፣ ምን ክፍያ እንደገባና እንደተመለሰ ነው።

ቤቱም በስህተት የሚያዝበት ጊዜ አለ። ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ድርጅት፣ ስቲም በሚባለው የጨዋታ መሸጫው ላይ የሚጠቀምበት ቫክ የተባለው ፀረ ቺት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 12,000 የሚጠጉ የሞደርን ዋርፌር 2 ተጫዋቾችን ያለ ጥፋታቸው አግዶ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስቲም ጨዋታውን ሲያድስ ዲስክ ላይ ያለው ፋይልና ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለው ቅጂ ሳይመሳሰሉ ቀሩ፤ ፕሮግራሙም ልዩነቱን እንደ ቺት ቆጠረው። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ጌብ ኒውኤል ይቅርታ ጠየቀ፣ እገዳው ተነሣ፣ ለካሣም ሌፍት ፎር ዴድ 2 የተባለውን ጨዋታ ለያንዳንዳቸው በነፃ ሰጧቸው፤ ለጓደኛ የሚሰጥ አንድ ተጨማሪ ቅጂም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የኤኤምዲ የግራፊክስ ካርድ ማዘመኛ ይዞት የመጣው አንቲ ላግ ፕላስ የተባለ አገልግሎት የካውንተር ስትራይክ 2ን ኮድ እየነካ ሰዎችን አሳገደ። ኤኤምዲ ማዘመኛውን መልሶ ሳበ፤ የታገዱትንም ቫልቭ እየለየ መለሰ።

እነዚህን ያነሣሁት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በሁለቱም ጊዜ ሰዎቹን ያዳናቸው ብዛታቸውና ተመሳሳይነታቸው ነው። ስለዚህ ከመጻፍህ በፊት ጠይቅ፦ በዚያ ሳምንት ሌላም ሰው ታግዷል? ስልክህን ወይም ኮምፒውተርህን ከእገዳው በፊት አዘምነሃል? ብቻህን ከሆንክ ምክንያቱ አንተው ቤት ውስጥ የመኖሩ ዕድል ከፍ ይላል።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ያለው እዚሁ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ በአብዛኛው ሰው እጅ የለም። ስለዚህ ዩሲ የሚባለው የጨዋታው ገንዘብ የሚገዛው ከቴሌግራም ነጋዴ ነው፤ ብሩን በቴሌብር ትልካለህ፣ የመለያ ቁጥርህን ትሰጣለህ፣ ዩሲው ይገባልሃል። አብዛኛው ነጋዴ ሐቀኛ ነው። ዋጋው ከሌላው በግማሽ የረከሰ ከሆነ ግን ጠርጥር፤ በተሰረቀ ካርድ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። የካርዱ ባለቤት ከሳምንታት በኋላ ባንኩን ገንዘቤን መልሱ ይላል፤ ጨዋታው የሸጠበት ገንዘብ ይወሰድበታል፤ ፊቱን የሚያዞረው ዩሲው ወደገባበት አካውንት ነው። ነጋዴውን አያውቀውም። አንተም ብትሆን ቀኑን ረስተኸዋል።

ሌላው ማዋስ ነው። «አንድ ማታ ብቻ፣ ራንኬን አሳድግልሃለሁ» ያለህ ጎረምሳ በራሱ ስልክ ላይ ምን እንደጫነ አታውቅም። ሦስተኛው ጂኤፍኤክስ ቱል ነው። ደከም ያለ ስልክ የያዘ ልጅ ጨዋታው እንዳይንተባተብበት ይጭነዋል፤ ማታለል ነው ብሎ አያስብም። የጨዋታውን ፋይል የሚነካ የሌላ ወገን ፕሮግራም መሆኑ ግን ለማሳገድ ሊበቃ ይችላል።

አቤቱታው የሚጻፈው ይህን ሁሉ ለራስህ ከመለስክ በኋላ ነው። በፍርድ ቤት በር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች አይተህ ታውቅ እንደሆነ፣ ባለጉዳዩ እያለቀሰ ይነግራቸዋል፤ እነሱ «ቀኑ መቼ ነው?» ይላሉ። ልቅሶው ወረቀቱ ላይ አይገባም። ያንተም እንደዚያ ይሁን፤ እንግሊዝኛህ ባይሰላም አጭር ከሆነ ይበቃል፦ «የመለያ ቁጥሬ ይህ ነው። በዚህ ቀን ታግጃለሁ። የምጫወተው በዚህ ስልክ ብቻ ነው። በዚህ ቀን ከሦስተኛ ወገን ዩሲ ገዝቻለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። እገዳው በሰው ታይቶ እንዲመረመር እጠይቃለሁ።» በቃ። «ሦስት ዓመት በታማኝነት» የሚለውን ሰርዘው። አቤቱታህን የሚያየው ሰው ስለ ባሕርይህ የሚያነብበት ጊዜ የለውም፤ አካውንቱ ያደረገውን ግን ማመሳከር ይችላል። ያደረግኸውን አላደረግሁም አትበል፤ መዝገቡ እነሱ ጋ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠብቅ።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ በር አለ፤ ጂዲፒአር በሚባለው ሕግ አንቀጽ 15 መሠረት ድርጅቱ ስለናንተ የያዘውን መረጃ ቅጂ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ ሊመልስላችሁ ይገባል። የፀረ ቺቱን ምሥጢር አይነግራችሁም፤ የመግቢያና የክፍያ ታሪካችሁን ግን ልታገኙበት ትችላላችሁ። ካርድ ያላችሁ ደግሞ በንዴት ባንካችሁን «የከፈልኩትን መልሱልኝ» አትበሉ። በብዙ ጨዋታዎች እሱ ራሱ ያሳግዳል።

የእህቴን ልጅ የቴሌብር ታሪክ አብረን ወደ ኋላ ስንገለብጥ አንድ በጣም ርካሽ የዩሲ ግዢ አገኘን። ነጋዴው ቻናሉን ዘግቶ ጠፍቷል። ያለውን ሁሉ ጽፈን ላክን። በ11ኛው ቀን ሁለት መስመር መልስ መጣ፦ ጉዳዩ ታይቷል፣ ውሳኔው ጸንቷል።

ለአራት ቀን ያህል ስልኩን አልነካም። ከዚያ የእናቱን አሮጌ ስልክ ለምኖ፣ ምንም ሳይገዛ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀመረ። ጅዳ ያለው ያክስቱ ልጅም ለወዳጅነት ብሎ አዲስ አካውንት ከፈተ። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ከጎኑ ተቀምጬ ሲጫወት አየሁትና የመረጠውን አዲስ ስም አነበብኩ፦ «ደረሰኝ»። ወረቀቱን ማለቱ ነው ወይስ የደረሰበትን ብዬ ጠየቅሁት። ከስክሪኑ ዓይኑን ሳያነሣ ሣቀ።