ከሥራ መልስ ብሩሽ ለምታነሺው ልጄ

ልጄ፣ ባንክ ቤቱን ትተሽ ጊዜሽን በሙሉ ለሥዕል ለመስጠት እንደምታስቢ፣ ደግሞም እንደምትፈሪ ነግረሽኛል። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። እንግሊዝ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ግን የዚያ አገር ሠዓልያንና ደራስያን ስለ ሥራቸውና ስለ ኑሯቸው የጻፉትን ማንበብ እወድ ነበር። ስለ ጥበብ ሲጠየቁ የብዙዎቹ ወሬ ስለ ሰዓት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ልጆችና ስለ ሕመም ነው። ስለዚህ ምክሬም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ።

1. ነጩን ሸራ አትፍሪው። ዊንስተን ቸርችል በ1915 በዳርዳኔልስ ዘመቻ ክሽፈት ምክንያት ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ሲነሣ ዕድሜው 40 ነበር። በሐዘን ተውጦ፣ ሥራ ፈትቶ፣ በሰሪ አውራጃ ገጠር አንድ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ቀለም የነካው እዚያ ነው። የዘይት ቀለሙም፣ ሸራውም፣ ብሩሹም ከተሟላ በኋላ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። በቀጭን ብሩሽ ትንሽ ሰማያዊ ነክቶ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጥብ አሳርፎ ቆመ። በዚህ መሀል የሠዓሊው የጆን ላቬሪ ባለቤት፣ ራሷም ሠዓሊ የነበረችው ሄዘል ላቬሪ በመኪና ደረሰች። ትልቁን ብሩሽ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ተርፐንታይን ውስጥ ነከረችው፤ ሰማያዊውንና ነጩን ለወሰችና ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግማ ቀባችው። ሸራው ምን ሊላት ኖሯል! ቸርችል ከዚያ ቀን ወዲህ ሸራ ፈርቶ እንደማያውቅ ራሱ ጽፏል፤ እስኪሞትም ከ500 በላይ ሥዕሎች ሠርቷል። ሰውየውን በሁሉ ነገር እያወደስኩልሽ አይደለም፤ በቅኝ ግዛት ጉዳይ የተናገረውና ያደረገው ብዙ የሚያሳዝን ነገር አለ። ስለ ሸራው የነገረን ግን እውነት ነው። አንቺ ውድ ወረቀት ገዝተሽ መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጪ ልጅ ነሽ። አውጪውና አበላሺው።

2. ደመወዝሽን አትናቂ። ደራሲው አንቶኒ ትሮሎፕ በ1834፣ በ19 ዓመቱ፣ ለንደን ፖስታ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ፤ እስከ 1867 ድረስም ከፖስታ ቤት ሥራ አልወጣም። በ1852 በጀርዚ ደሴት መንገድ ዳር የፖስታ ሳጥኖች የተተከሉት በእሱ ምክር ነው። ይኸው የመንግሥት ሠራተኛ 47 ልቦለዶች ጽፏል። አንድ አሮጌ አሽከር ነበረው፤ ሌሊት ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለዋል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጠረጴዛው ላይ ነው። የኪስ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፋል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ሠርቶ ቁርሱን ይበላና ወደ ቢሮው ይሄዳል። ባቡር ላይም እንኳ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፍ ነበር። ከሞተ በኋላ በ1883 የታተመው የሕይወት ታሪኩ ይህን ሁሉ በግልጽ ሲናገር ብዙ አንባቢ ተከፋ። ጥበብ በሰዓት ይሠራል ወይ ተባለ፤ ስሙም ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ቆየ። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ቅንነቱን ነው።

ትጋቱን የወረሰው ከእናቱ ይመስለኛል። ፍራንሲስ ትሮሎፕ የመጀመሪያ መጽሐፏን ያሳተመችው በ1832፣ 50 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ባሏ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ቤተሰቡ ወደ ቤልጅግ ሲሸሽ፣ ሳምባ የታመመ ልጇንና ባሏን እያስታመመች ሌሊት ሌሊት ትጽፍ ነበር። የመድኃኒቱ ጠርሙስና የቀለሙ ጠርሙስ በታማሚዎቹ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደነበር ልጇ ያስታውሳል። ልጁም ሞተ፣ ባልየውም ሞተ፤ ቤቱን ያኖረው የእሷ ብዕር ነው። ይህን የምነግርሽ እንቅልፍሽን እንድታጪ አይደለም። ባንኩን “ጊዜዬን በላው” ብለሽ ስታማርሪ፣ ቀለሙን የሚገዛልሽ እሱ እንደሆነ፣ ገዢ የሌለውን ሥዕል ያለ ፍርሃት እንድትሠሪ የሚያስችልሽም እሱ እንደሆነ አስቢ። ትሮሎፕ ፖስታ ቤቱን የለቀቀው በ52 ዓመቱ፣ ብዕሩ እንደሚያኖረው ካረጋገጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና ነሽ፤ አትልቀቂ።

3. ግማሽ ሰዓትም ብትሆን በየቀኑ ሥሪ። ቀራፂዋ ባርባራ ሄፕወርዝ በ1934 ለንደን ውስጥ ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ ወለደች፤ ከዚያ በፊት የወለደችው ወንድ ልጅም ነበራት። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ልጆቿን ይዛ ወደ ኮርንዋል፣ ወደ ሴንት አይቭስ ሄደች። ቀኑ በምግብ ማብሰልና በልጆች ጥበቃ ስለሚያልቅ ድንጋይ መቅረጽ ያልቻለችበት ጊዜ ነበር፤ ማታ ማታ ግን ትሥላለች። ኋላ ስትጽፍ፣ ወጥ መሥራትና ኩፍኝ የያዘው ልጅ ማስታመም ሠዓሊዋን እንደማይጎዳት፣ እንዲያውም እንደሚመግባት ተናግራለች። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ ሳይሠራ የሚያልፍ ቀን አይኑር። ግማሽ ሰዓት ከተሠራ ምስሉ በውስጥ ማደጉን ይቀጥላል። በ1964 ኒውዮርክ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ፣ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ለነበረው ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ የቆመው ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝም የነሐስ ሥራ የዚህች ሴት ነው። “ልጆቹ ይደጉና” እያሉ ተሰጥኦአቸውን ያስቀመጡ ጎበዝ ሴቶች በእኛም ቤተሰብ አሉ። እንደ እነሱ እንዳትሆኚ እለምንሻለሁ።

4. የራስሽ ቦታ ይኑርሽ። ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1928 ለካምብሪጅ ሴት ተማሪዎች ተናግራ በ1929 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የምትጽፍ ሴት በዓመት 500 ፓውንድና የሚቆለፍ ክፍል ያስፈልጋታል ብላለች። ክፍሉ ቢቀር ጥግ ይኑርሽ። ወንድሞችሽ እዚያ ጥግ ላይ ልብስ እንዳይከምሩ ቆጣ ብለሽ ንገሪያቸው።

5. እጅሽ ከሚያውቀው ጀምሪ። ቀራፂው ሄንሪ ሙር በ1898 በዮርክሸር፣ ካስልፎርድ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ ከማዕድን ቆፋሪ አባት ተወለደ። እናቱን ቁርጥማት ያሠቃያት ስለነበር ልጅ ሳለ ጀርባዋን በቅባት ያሽላት ነበር። የአጥንቷና የሥጋዋ ቅርጽ መዳፉ ላይ ቀረ። በ1957 አንዲት የተቀመጠች ሴት ሲቀርጽ፣ ሳያስበው ያንኑ ጀርባ እየሠራ እንደነበር ኋላ እንደገባው ተናግሯል፤ ያኔ 60 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። አንቺ የውጭዎቹን ሥዕል ከስልክሽ እያየሽ ትገለብጫለሽ። መገልበጡ ትምህርት ነውና አልነቅፈውም። እናትሽ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ስትል ትከሻዋ የሚሠራውን መስመር ግን ካንቺ በቀር ማን ሊሥለው ይችላል?

የእናት ቤት ሳያውቅ ያደገም አለ። ገጣሚው ለምን ሲሳይ በ1967 እንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ፣ ኖርማን እየተባለ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። ባለሥልጣኖቹ ስለ እሱ የጻፉትን ፋይል ለማግኘት 30 ዓመት ያህል ጠይቆ በ2015 እጁ ገባ፤ በ2019 ያሳተመውን የልጅነት ታሪኩን የሠራው በእነዚያ የቢሮ ወረቀቶች ነው። እሱም እጁ ላይ ካለው ነገር ጀመረ ማለት ነው፤ ያንን መጽሐፍ አንብቢው።

6. ዕድገት የተባለውን ሁሉ አትቀበዪ። ዴቪድ አተንቦሮ በ1965 የቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ኃላፊ፣ ቀጥሎም የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ዳይሬክተር ሆነ። የዋና ዳይሬክተርነቱ ወንበር ይገባዋል እየተባለ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለቀቀና ፊልም ወደ መሥራቱ ተመለሰ፤ በ1979 በ13 ክፍል ስለ ሕይወት አመጣጥ ያቀረበው ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሁኚ ሲሉሽ ከጭማሪው ጋር የሚወስዱብሽን ምሽትም አስይ።

7. ብሩሽ የሚቀመጥበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ሲልቪያ ፓንክረስትን የምናውቃት ጣሊያን በወረረን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ በመከራከሯ ነው፤ የተማረችው ሥዕል መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በ1882 ማንችስተር ተወልዳ፣ በዚያው ከተማ የሥዕል ትምህርት ቤት ተምራ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል ለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገባች። በ1907 ቀለሟን ይዛ የሠራተኛ ሴቶችን ኑሮ ለመሣል ከከተማ ከተማ ዞረች። በክራድሊ ሂዝ እሳት ዳር ሰንሰለት የሚቀጠቅጡትን፣ በሌስተር ጫማ የሚሰፉትን፣ በግላስጎው የጥጥ ፋብሪካ ድውር የሚቀይሩትን፣ በስካርብሮ ዓሣ የሚያጸዱትን ሣለች። አብዛኞቹ ሴቶች ዓይናቸው ሥራቸው ላይ ነው፤ ለሥዕል ብለው ቀና አላሉም። ከሥዕሉ ጎን ለጎን ደመወዛቸውንና የሥራ ሁኔታቸውን ትጽፍ ነበር።

ቀጥሎ የሴቶች የምርጫ መብት ትግል ወሰዳት። ከእስር ለሚወጡ ታጋዮች የሚሰጠውን ዓርማ የነደፈችው እሷ ናት። ራሷም ደጋግማ ታሰረች፤ የረሃብ አድማ ስታደርግ በጉሮሮዋ ቱቦ እየከተቱ በግድ መገቧት። ሥዕሉ ቀስ በቀስ ቀረ። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ በወደቀችበት ወር፣ በግንቦት 1936፣ “ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ” የተባለውን ጋዜጣ ጀመረችና 20 ዓመት ሙሉ አሳተመችው። በ1956፣ በ74 ዓመቷ፣ ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ በ1960 ዐርፋ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረች።

ሥዕሉን በመተዋ እኔም ይቆጨኛል። እነዚያን የ1907 ሥዕሎች ያየ ሰው ምን ያህል ሠዓሊ እንደቀረ ይገባዋል። ሆኖም የሰው ድካም የማየት ችሎታዋ አብሯት ኖሯል፤ በ1955 ስለ ኢትዮጵያ ባህል ያሳተመችውን ትልቅ መጽሐፍ የጻፈችው በዚያው ዓይን ነው። አንድ ቀን እናትሽ ብትታመም፣ ወይም ዝም ብለሽ ልታልፊው የማትችዪው ነገር ቢገጥምሽ፣ ብሩሹን አስቀምጪና ሂጂ። ማንም ከሠዓሊነት አይፍቅሽም። አሁን ግን እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመሽም፤ የገጠመሽ ድካም ብቻ ነው።

8. የሠራሽውን ቶሎ አሳዪ። ሠዓሊው ዴቪድ ሆክኒ 70 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ2009፣ አይፎን ላይ በጣቱ መሣል ጀመረ። አልጋው ላይ እንዳለ፣ መብራት ሳያበራ፣ ንጋቱን ይሥላል፤ ስክሪኑ ራሱ ያበራለታል። ወዲያውም ለወዳጆቹ ይልክላቸው ነበር። በ2011 ዮርክሸር ውስጥ ዎልድጌት የሚባል አንድ የገጠር መንገድ ክረምቱ አልቆ ጸደይ ሲገባ በአይፓድ እየተከታተለ ሣለ፤ 51ዱ ሥዕሎች በ2012 በሮያል አካዳሚ ቀረቡ። ሁሉም የዚያው የአንዱ መንገድ ናቸው። አንቺም ጠዋት ታክሲ የምትጠብቂበት ጎዳና አለሽ፣ ስልኩም እጅሽ ላይ ነው። ሣዪና በየሳምንቱ ላኪልኝ፤ ያልወደድኩትን አልወደድኩትም ብዬ እጽፍልሻለሁ። እኔ ግን ሠዓሊ ስላልሆንኩ፣ እጁን ያፍታታ አንድ የሚሥል ሰው ፈልገሽ ለእሱም አሳዪው።