አባትና ልጅ የሠሩት ጊታር

ጊታር በብዙ አገር የሚመታ የዜማ መሣሪያ ነው። ክራርን የሚያውቅ ልጅ ጊታርን ቢያይ የክራር ዘመድ መሆኑን ፈጥኖ ይረዳል፤ ሁለቱም በአውታር ይናገራሉና። ነገር ግን ጊታር ክራር የሌለው ረጅም አንገት አለው፤ በአንገቱም ላይ ቀጫጭን ብረቶች እንደ መሰላል ደረጃ በተርታ ተተክለውበታል። መቺው አውታሩን ወደ አንዱ ብረት በጣቱ ሲጫነው የሚንቀጠቀጠው ክፍል ያጥራል፥ ድምፁም ይቀጥናል። 12ኛው ብረት ከአውታሩ ርዝመት ልክ እኩሌታ ላይ መዋል አለበት፤ 24ኛው ደግሞ የእኩሌታው እኩሌታ ብቻ በሚቀርበት ስፍራ ይተከላል። ከዚህ ልክ ጥቂት ቢዛነፍ መሣሪያው በምንም ቅኝት አይቃናም። ስለዚህ ጊታር የሚሠራ ሰው ከመጋዝ በፊት ማስመሪያ ማንሣት ይገባዋል።

ይህ ሥራ ለብዙ ባለሙያዎች መተዳደሪያቸው ነው። ነገር ግን ደመወዝ ሳይፈልጉ፥ ከሥራና ከትምህርት በተረፈ ጊዜ፥ ለደስታቸው ብለው ጊታር የሚሠሩና የሚጠግኑ ሰዎች ደግሞ አሉ። እንዲህ በትርፍ ጊዜ ከተሠሩት ሁሉ በጣም የታወቀው በእንግሊዝ አገር አንድ አባትና አንድ ልጅ የሠሩት ነው።

ለንደን አጠገብ ፌልታም በሚባል ስፍራ ብራያን ሜይ የሚባል ልጅ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላው ጊታር ተሰጠው። እያደገ ሲሄድ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ጊታር ተመኘ። ከአሜሪካ የሚመጣው መልካሙ ጊታር ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ቤተ ሰቡ ሊገዛው አልቻለም። አባቱ አቶ ሃሮልድ ሜይ የኤሌክትሪክ ነገር ዐዋቂና ንድፍ አውጪ ነበሩ፤ የቤታቸውን ቴሌቪዥን ሳይቀር በእጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ አባትና ልጅ ተማክረው ጊታሩን ራሳቸው ሊሠሩ ቈረጡ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጀመሩት፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ብራያን ያን ጊዜ 16 ዓመቱ ነበር። ከቤታቸው መኝታ ክፍሎች አንዱ የሥራ ቦታ ሆነ።

የጊታሩ አንገት የተገኘው ከአንድ ወዳጃቸው ነው። ወዳጅየው ከእሳት ምድጃ በላይ የነበረ አሮጌ የማሆጋኒ መደርደሪያ ሊጥል ነበር። እንጨቱ ከመቶ ዓመት የማያንስ ዕድሜ ነበረው፤ ብዙ ዘመን የደረቀ እንጨት ደግሞ እንደ እርጥቡ ቶሎ አይጣመምም። ችግሩ ትል በስቶት መገኘቱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዳዳውን አይቶ ለማገዶ በሰጠው ነበር። ብራያን ግን የክብሪት እንጨት እያስገባ ቀዳዳውን ደፈነው፤ ከዚያም በሰንጢ ጥቂት በጥቂት እየፋቀ ለመዳፉ እስኪስማማ ድረስ ቀረጸው። አሮጌው እንጨት ለስለት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሥራው ብዙ ትዕግሥት ጠየቀ። እንጨት የሚቀርጽ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያገኘው ደስታ ልዩ ነው። ዐይን ያላየውን ጕብታ ጣት ያገኘዋል፤ ፋቅ አድርጎ እንደ ገና ይዳስሳል፤ ትናንት ያስቸገረው ስፍራ ዛሬ ለስልሶ ይቈየዋል። ሩጫ ግን አይሆንም፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይጨመርምና።

ገላው ከተጣበቀ ሳንቃና ከአሮጌ ጠረጴዛ ከወጣ ኦክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ተሠራ። በላዩም ስስ የማሆጋኒ ልባስ ተለጠፈበት፥ ቀላ ያለ ቀለምም ተቀባ። ስለ ቀለሙ ኋላ «ሬድ ስፔሻል» ተባለ፤ ቀዩ ልዩ እንደ ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያደከማቸው የድምፅ ማወዛወዣው ነበር። በአንዳንድ ጊታር ላይ አንድ የብረት ክንድ አለ። መቺው ክንዱን ሲጫነው አውታሮቹ ይላላሉ፥ ድምፁም ይወርዳል፤ ሲለቀው ወደ ቀድሞው ውጥረታቸው ይመለሳሉ። ይህ ለመናገር ቀላል ነው። ነገር ግን ስድስቱ አውታሮች በአንድነት ከ30 ኪሎ በላይ በሆነ ኀይል ይስባሉ፤ ብረት ከብረት ጋራ በሚፋተግበት ቦታ ሁሉ አውታሩ ጥቂት ይያዛል፥ ፈጽሞም ስለማይመለስ ቅኝቱ ይበላሻል። አባትና ልጅ ፍትጊያውን ለመቀነስ ማወዛወዣው በጠንካራ ብረት ስለት ላይ እንዲያርፍ አደረጉት፤ አውታሮቹ የሚያልፉባቸውንም ትንንሽ ተሽከርካሪዎች በእጃቸው ሠሩ። ስበቱን የሚመክቱት ሁለት ሞላዎች በ1928 ዓ.ም. ከተሠራ ፓንተር ከተባለ ሞተር ሳይክል የተወሰዱ የቫልቭ ሞላዎች ናቸው። ክንዱ የቢስክሌት ኮርቻ ቦርሳ የሚደገፍበት ብረት ነበር፤ ጫፉም ከእናቱ የሹራብ መሥሪያ መርፌ ተቈረጠ። የእናትየው የስፌት ሣጥንም አልተማረ፤ ከውስጡ የወጡት የዛጎል አዝራሮች በአንገቱ ላይ የብረቶቹን ቍጥር የሚያመለክቱ ነጠብጣቦች ሆኑ።

ሁሉ ነገር ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። በኤሌክትሪክ ጊታር ከአውታሮቹ በታች ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ይቀመጣል። የብረቱ አውታር በማግኔቱ አጠገብ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ማጕያውም ያን አጕልቶ ድምፅ ያደርገዋል። ብራያን ማግኔት ገዝቶ ሽቦውን እየጠመጠመ ይህን መቀበያ ራሱ ሠራ። ድምፁ መልካም ሆነ፤ ነገር ግን አውታሩን በጣቱ ወደ ጐን ገፋ ሲያደርገው ደስ የማያሰኝ ኰሽታ ተሰማ። እንዲህ ያለች ቀን ሠሪውን ትፈትነዋለች። በብዙ ድካም የተጠመጠመውን ሽቦ አውጥቶ ማስቀመጥ ያሳዝናል፤ ኰሽታውን እንዳልሰሙ መሆንም ይቻላል። ብራያን ግን ጥፋቱ ከማግኔቶቹ አቀማመጥ መሆኑን መርምሮ ዐወቀ፤ የራሱን አውጥቶ በርንስ የተባለ የእንግሊዝ ፋብሪካ የሠራቸውን ሦስት መቀበያዎች ገዝቶ አስገባ። እነርሱንም እንዳሉ አልተዋቸውም፤ ሽቦው እንዳይነቃነቅ በሙጫ ሞላቸው።

ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ፤ የወጣበት ገንዘብ 8 ፓውንድ ያህል ነበር። የተገዛ ጊታርም ያስደስታል፤ ነገር ግን ገዢው ውስጡን አያውቀውም፥ ሲበላሽበትም በር ለበር እየዞረ ጠጋኝ ይፈልጋል። ብራያን ግን ድምፁ አንድ ቀን ቢደክም ጥፋቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል፤ እያንዳንዱ ሞላና እያንዳንዱ ሽቦ በእጁ አልፏልና። ብራያን ጊታሩን በፕላስቲክ መምቻ ፋንታ ስድስት ፔኒ በምትባል ሳንቲም መምታት ለመደ።

ይህ ጊታር ግን ሐዘንም አመጣ። ብራያን በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ ተምሮ በ1968 ዓ.ም. ተመረቀ፥ በፕላኔቶች መካከል ስላለው ትቢያም ምርምር ጀመረ። በ1970 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋራ ክዊን የተባለውን የሙዚቃ ጓድ አቆመ፤ ጥቂት ቈይቶም ምርምሩን ሳይጨርስ ተወው። አባቱ እጅግ አዘኑ። እንጨቱን ከልጃቸው ጋራ የቀረጹት፥ ብረቱን ያስማሙት እርሳቸው ነበሩ፤ አሁን ልጃቸውን ከትምህርት የወሰደው ያው ጊታር ሆነ። ለጊዜውም በመካከላቸው ንግግር ተቋረጠ። ኋላ ብራያን ወላጆቹን ወደ ኒው ዮርክ ወስዶ ማዲሰን ስኴር ጋርደን በሚባለው ታላቅ አዳራሽ ሲጫወት አሳያቸው፤ አባቱም የልጃቸው አሳብ አሁን እንደ ገባቸው ነገሩት። አቶ ሃሮልድ በ1988 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው የተወውን ምርምር በ2007 ዓ.ም. ፈጽሞ ዶክተር ሲባል ለማየት አልደረሱም።

ጊታሩም ብዙ ዘመን ሲመታ ኖሮ ስለ ተጐዳ በ1998 ዓ.ም. ግሬግ ፍራየር የተባለ የአውስትራሊያ ጊታር ሠሪ ጠገነው። እንዲህ ያለ ጥገና አዲስ ከመሥራት ይልቅ ይከብዳል። አዲስ የሚሠራ ሰው የራሱን አሳብ ይከተላል፤ ጠጋኝ ግን የቀደመውን ሰው እጅ መከተል አለበት። መልኩን ለማሳመር ብሎ ጠልቆ ቢፍቀው የአባትና የልጁ የእጅ ሥራ ከላዩ በጠፋ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ የነገሡበት 50ኛ ዓመት ሲከበር ብራያን በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ የአገሩን መዝሙር በዚሁ ጊታር መታ። ሕዝቡ ከታች ሆኖ ወደ ላይ ይመለከት ነበር። በግራ እጁ የጨበጠው አንገት ያ ወዳጃቸው ሊጥለው የነበረው የምድጃ መደርደሪያ ነው።