የመሣሪያ ሣጥን አደረጃጀት

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ ከሥሩ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት የሆነችው የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተቆረቆረች ናት። ከወደቧ የሚነሡ የጭነት ጀልባዎች ወንዙን ተከትለው ወደ ቦርና ወደ ማላካል ይወርዳሉ። የማላካሉ ጉዞ ሰፊውን የሱድ ረግረግ አቋርጦ ብዙ ቀናት ይፈጃል። በዚያ መካከል ሞተር ቢቆም ጋራዥ አይገኝም፤ የመካኒኩ ተስፋ የመሣሪያ ሣጥኑ ነው።

ስለዚህ ሣጥኑ ጀልባው ከወደብ ሳይነሣ መሰናዳት አለበት። ከባድ የሆኑት መዶሻና የቧንቧ መፍቻ ከታች፣ ቀላሎቹ ካቻቢቴና ፒንሳ ከላይ ይቀመጣሉ። መፍቻዎች ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ በተራ ይደረደራሉ፤ ያን ጊዜ እጅ በጨለማም ቢሆን የፈለገውን አያጣም። ሞረድ ጥርሱ እንዳይዶለዱም ለብቻው በጨርቅ ይጠቀለላል። የወንዝ እርጥበት ብረትን ስለሚያዝግ ሁሉም ተጠርገው ዘይት በነካው ጨርቅ ይታሻሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የታወቀ ቦታ መስጠት ነው። ሥራው ሲያበቃ አንዱ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ መፍቻው ሞተሩ ዘንድ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ሳይፈለግ ሞተሩ ቢነሣ፣ አንድ ቁራጭ ብረት ሞተሩን ሊሰብር፣ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። ባዶው ቦታ ግን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች
1. ሣጥኑ ከጉዞ በፊት መሰናዳት ያለበት ለምንድን ነው?
2. ባዶ ቦታ የሚያስጠነቅቀው እንዴት ነው?
3. «መዶልዶም» እና «መዛግ» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።